የቀበሌው አንደኛ ሕፃን

ዝም የሚል ሕፃን ሲመሰገን ስሰማ ያቅለሸልሸኛል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ከአልቃሻው ሸሽቼ ዝምተኛውን «የኔ ጨዋ» እያልኩ ጉንጩን የምስም ሴት ነበርኩ። ይህን አመሌን ያስተወኝ የሰናይት ልጅ ስብሐት ነው።

ይርጋለም እባላለሁ። በ1976 ዓ.ም. ጉለሌ ውስጥ በአንድ ቀበሌ ክሊኒክ የጤና ረዳት ነበርኩ። ክሊኒክ መባሉ ለወጉ ነው እንጂ ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ያለች፣ ቀድሞ የአንድ ሀብታም የከብት በረት የነበረች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ክረምት ሲገባ ከወለሉ ሥር የድሮዎቹ ላሞች ሽንት ይሸታል፤ ነፋሱ ከሸጎሌ የከብት ገበያ በኩል ሲመጣ ደግሞ የዘንድሮዎቹ ይጨመሩበታል። እዚያ ውስጥ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ በየወሩ ሕፃናት እመዝናለሁ። የሠለጠንኩት ስድስት ወር ነው። ያስተማሩን ረሃብን እንድንለይ ስለነበር የከሳ ልጅ ከሩቅ አውቃለሁ። የወፈረ ልጅ ሲመጣ ግን ክብደቱን አይቼ ካርዱ ላይ «ጥሩ» ብዬ ጽፌ ቀጣዩን እጠራለሁ።

ሰናይት ከአዳራሹ ሁለት ቤት አለፍ ብላ ከአማቷ ከእትዬ ታየች ጋር ትኖር ነበር። ባሏ ዓምሃ ወደ ሰሜን ዘምቷል፤ ሲሄድ ሆዷ ገና አልገፋም ነበር። ስብሐት መጋቢት ላይ ተወለደ። ትልቅ ልጅ ነው። ከወር በላይ ዓይኑም ገላውም ቢጫ ሆኖ ቆየ፤ እትዬ ታየች «የወርቅ ልጅ» አሉት። ቀስቅሰው ካላጠቡት አይጠባም፤ «ጠግቦ ነው» አሉ። ሳምንት ሙሉ ሆዱ አይሄድም፤ ቅቤ አላሱትና «ቆጣቢ ነው» ብለው ሳቁ። እንብርቱ ሎሚ አክሎ ስለወጣ ሳንቲም አስረውበታል። ምላሱ ከአፉ ብቅ እንዳለች ትውላለች። በወር አንዴ ሲያለቅስ ድምፁ ጉሮሮው እንደታመመ ሽማግሌ ነው። እጅና እግሩ በሚያዝያ ፀሐይም ቀዝቃዛ ነበር።

ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በእጄም ነክቻለሁ። ካርዱን ገልጦ የሚያይ ሰው ግን «ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ» የሚል የእጅ ጽሑፌን ነው የሚያገኘው።

በዚያ ክረምት አገሩ ሁሉ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ይል ነበር። አጥር ይቀባል፣ ቅስት ይተከላል፣ ሰልፍ ይለመዳል። የእኛ ቀበሌ ሊቀመንበር ጓድ ካሣዬ ደግሞ የጤናማ ሕፃናት ውድድር አመጣ። ካሣዬ ድሮ ጃንጥላ ጠጋኝ ነበር፤ በሙያው አልንቀውም፣ ጥሩ ጠጋኝ ነበር። ማይክ ከጨበጠ በኋላ ግን ሰውዬው ሌላ ሆነ። ውድድሩ በሦስት ነገር እንደሚዳኝ በደብዳቤ አሳወቀን፤ በክብደት፣ በንጽሕና፣ በሥነ ሥርዓት። ሥነ ሥርዓት ማለት ንግግር ሲደረግ አለማልቀስ ነው። ቀልድ መስሎኝ ሁለቴ አነበብኩት።

ቀኑን የቡሄ ዕለት አደረገው፤ እሑድ ነበር። እናቶች ከቤተ ክርስቲያን ተጠርተው ከነነጠላቸው አዳራሹ ውስጥ ታጎሩ። የቀረች ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አታይም። ውጪ ዝናብ ነው፤ ውስጥ የረጠበ ነጠላ፣ ያስመለሰ ሕፃንና አዲስ ቀይ ቀለም አንድ ላይ ይሸታል። ካሣዬ አንድ ሰዓት ተኩል ተናገረ። ሠላሳ ያህል ሕፃን በአንድነት ሲያለቅስ የሱን ድምፅ ከማይኩ ጋር ዋጠው። እኔም ሆዴ ውስጥ «በርቱ» እላቸው ነበር። ስብሐት ብቻ ዝም ብሎ እናቱ ጭን ላይ ተዘርግቷል።

ካሣዬ ጣቱን ቀሰረበት። «እዩት ይህን ጀግና! ሥነ ሥርዓት ከእናት ሆድ ይጀምራል!» አለ። ተጨበጨበ። ሰናይት አንገቷን ደፋች።

ከዚያ ሚዛን ተጀመረ። የሩቅያን ልጅ ዓሊማን አነሣኋት። ሩቅያ ከውሃ ቦኖው ጎን የምትኖር ጎረቤታችን ናት፤ ልጇ ከስብሐት በአንድ ወር ታንሳለች። ከሲታ ናት፤ አምስት ኪሎ እንኳ በግድ ነው የሞላችው። ግን ገና ሳነሣት ጉትቻዬን ይዛ ጎተተችኝ። ፊቴን አየች፣ ከጀርባዬ የተሰቀለውን ቀይ ጨርቅ አየች፣ እናቷን ፈልጋ አገኘችና በድዷ ሳቀች። ልጋጓ እጄ ላይ ወረደ። ሚዛኑ ላይ ስሰቅላት አዳራሹ እስኪናወጥ ጮኸች። «ክብደት የለ፣ ሥነ ሥርዓት የለ» አለ ካሣዬ፤ ሰው ሳቀ።

ቀጥዬ ስብሐትን አነሣሁት። ራሱ ወደ ኋላ ወደቀ። በእጄ ደግፌ ቀና ሳደርገው ወደ ፊት ወደቀ። አምስት ወሩ እኮ ነው! አምባሬን ከፊቱ አወዛወዝኩ፤ ዓይኑ አልተከተለውም። በጆሮው አጠገብ አጨበጨብኩ፤ ሽፋሽፍቱ እንኳ በወጉ አልተንቀሳቀሰም። የዓሊማ ልጋግ ገና እጄ ላይ ሳይደርቅ ይህንን ከባድ፣ ቀዝቃዛ፣ ማንንም የማያይ ልጅ ታቅፌ ቆምኩ። ያን ጊዜ ገባኝ። የከሳችው ጤነኛ ናት፤ የወፈረው ነው የታመመው። አምስት ወር ሙሉ በየወሩ ሳነሣው አንገቱ እንዲሁ ይወድቅ ነበር፤ እኔ ግን የማየው የሚዛኑን መርፌ ነው።

ወደ ካሣዬ ጆሮ ጎንበስ ብዬ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ልጅ ደኅና አይደለም» አልኩት።

«ሚዛኑ ስንት ይላል?»

«ስምንት ኪሎ ተኩል። ግን አንገቱ…»

«ከሱ የሚበልጥ አለ?»

«የለም። ግን ጓድ…»

«በቃ፣ ጨረስን!» አለና ማይኩን አነሣ።

ስብሐት አንደኛ ወጣ። ብርድ ልብስና አንድ ጣሳ የዱቄት ወተት ተሸለመ፤ ፎቶ ተነሣ። በዚያው ሰሞን ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ እንደሚያልቅ፣ ሸሽተው የመጡትም ከከተማው ዳር እንደሚመለሱ በሹክሹክታ ይወራ ነበር። ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። እኛ አዳራሽ ሞልተን ለአንድ ልጅ ሥጋ እናጨበጭባለን።

በማግሥቱ ካሣዬ ቢሮ ገባሁ። ሆስፒታል ልጁን በነፃ የሚያየው ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት ሲጻፍለት ነው፤ ማኅተሙ ደግሞ ያለው ካሣዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ነገሩን ከአንገቱ ጀምሬ እስከ ምላሱ ዘረዘርኩለት። ካሣዬ በክብሪት እንጨት ጆሮውን እየጎረጎረ አዳመጠኝ፤ ያወጣውን አገላብጦ አየና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጠረገው።

«ጓድ ይርጋለም፣ የቀበሌያችን አንደኛ ሕፃን በሽተኛ ነው ብዬ ማኅተም ልምታ? ጳጉሜ አራት በከፍተኛው የየቀበሌው አንደኞች ውድድር ይጠብቀናል። እሱ ይለፍ፤ ከዚያ ወዲያ ወደፈለግሽበት ውሰጂው።»

«ሦስት ሳምንት እኮ ነው፣ ጓድ።»

«አምስት ወር የቆየ ልጅ ሦስት ሳምንት ያቅተዋል?»

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ሰናይት ቤት ሄድኩ። ገና «እትዬ ታየች፣ ልጁን ሐኪም ቢያየው» ስል እትዬ ታየች በቁጣ ቀልተው ተነሡ።

«ዓይንሽ ነው! ባየሽው ቁጥር እንትፍ በይበት ስልሽ አልሰማ ብለሽ! መውለድ ያቃታት ሴት ምን ታድርግ፣ ዓይኗ የሚያርፈው የሰው ልጅ ላይ ነው» አሉኝ።

ሰናይት ልጁን እንዳቀፈች ጥግ ላይ ቆማለች። የእትዬ ታየች ቃል ልቤን ስለወጋኝ ነጠላዬን ጎትቼ ወጣሁ።

ከዚያስ? ከዚያማ ምንም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ክሊኒኬ ውስጥ ተቀምጬ ፋሻ ጠቀለልኩ። ወረቀት የለኝም፣ አማቷ እምቢ ብለዋል፣ ሊቀመንበሩ ከልክሏል እያልኩ የአብዬን ወደ እምዬ እያላከክኩ ሰነበትኩ። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገሬ ሰው። ይነቅዛል እንጂ! ከውስጥ ነው የሚነቅዘው፤ እኔ ሽታውን አውቀዋለሁ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ በሩን ገና ሳልከፍት ሰናይት ዝናብ ላይ ቆማ አገኘኋት። ልጁ ጀርባዋ ላይ ነው።

«ይርጋ፣ የሩቅያ ልጅ እናቷን ስታይ ትስቃለች» አለችኝ።

«አዎ።»

«የኔ ስቆልኝ አያውቅም።» ዝናቡን ከፊቷ ጠረገች፤ ዝናብ ብቻ አልነበረም። «ሲጠባ ፊቴን አያየኝም። ሰው ያቀፍኩ አይመስለኝም። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ልቤ ያውቀዋል። ግን ሰዉ ሁሉ ታድለሽ ይለኛል። ታድለሽ ሲሉኝ ምን እላለሁ? በቃ፣ ውሰጅን።»

የዚያኑ ዕለት ክሊኒኩን ዘግቼ ያለወረቀት ይዣቸው ሄድኩ። ከውይይት ታክሲ ጳውሎስ ሆስፒታል ወርደን፣ ከበሽተኛው መሐል ተጋፍተን ሰልፍ ያዝን። ከሰዓት በኋላ ዶክተር ቶሎሳ የሚባል የሕፃናት ሐኪም አየን። ሸበቶ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ምላሱን አየ፣ ከእንብርቱ ላይ ሳንቲሙን ፈታ፣ በሁለት እጁ ይዞ ሲያነሣው ራሱ ወደ ኋላ ሲወድቅ ተመለከተ። የነፃ ወረቀት አልጠየቀንም። ደም ለምርመራ አስቀዳና ውጤቱን ሳይጠብቅ መድኃኒት ጻፈ።

«እንቅርት የሚወጣበት ቦታ፣ አንገት ላይ፣ አንዲት ዕጢ አለች» አላት ለሰናይት። «ለልጅሽ አልሠራችለትም። እሷ የምትሰጠውን ካላገኘ አካሉም አንጎሉም አያድግም። ይህች ክኒን በሷ ፈንታ ትሠራለች።»

«ይድናል?»

«በተወለደ በወሩ ብታመጪው ኖሮ አዎ ብዬ አፌን ሞልቼ እነግርሽ ነበር። ያለፈው ምን ያህል እንደወሰደበት አላውቅም። የቀረውን ግን ማዳን ይቻላል። በየቀኑ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ እንዳይታለፍ። ዕድሜ ልኩን። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ መድኃኒቱ ሲይዘው ያለቅሳል። እብጠቱም ይወርዳል፣ የከሳ ይመስልሻል። እንዳትደነግጪ። መንቃቱ ነው።»

ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አምስት ወር ሙሉ ማን ነበር የሚመዝነው?»

«እኔ።»

ብዕሩን ከደነና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰናይት ክኒኑን ከአማቷ ደብቃ መስጠት ጀመረች። በሳምንቱ ስብሐት ሆዱ ሄደ። በዘጠነኛው ቀን ሳይቀሰቅሱት ተነሥቶ ጡት ጠየቀ፤ የጠየቀው በለቅሶ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ጳጉሜ አራት ሆነና በከፍተኛው አዳራሽ በክብር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰናይት «አልሄድም» ብትል ካሣዬ አብዮት ጠባቂ ልኮ አስመጣት።

ያን ቀን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። የማይኩ ድምፅ ገና «ጓዶች!» ሲል ስብሐት ደነገጠ። ደነገጠ! ከዚያ አፉን ከፍቶ ጮኸ። ካሣዬ እየሮጠ መጥቶ ከሰናይት ተቀበለውና ለከፍተኛው ኃላፊ በፈገግታ አስታቀፈው፤ ልጁም ኃላፊው እጅጌ ላይ አስመለሰ። ሲመዘን ሰባት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ሆነ። ፊቱ ላይ ተነፍቶ የነበረው ሁሉ ወርዶ የልጅ መልክ ማውጣት ጀምሯል። አንደኛ የነበረው መጨረሻ ወጣ።

ደስታዬ አንድ ቀን አልቆየም። ሆስፒታል የሄድነውን ለካሣዬ ማን እንደነገረው አላውቅም። በማግሥቱ፣ ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የቀበሌው ስብሰባ ተጠራ፤ አጀንዳው ሂስና ግለ ሂስ ነው። ካሣዬ ከስብሰባው በፊት ቢሮው አስገባኝና በታይፕ የተመታ አንድ ገጽ ሰጠኝ።

«ትወጪና ታነቢዋለሽ። ካላነበብሽ ግን ሥራሽ ብቻ አይደለም የሚሄደው። የበዓሉን ዝግጅት ያደናቀፈች ፀረ ሕዝብ ተብሎ ይጻፍብሻል።»

ፀረ ሕዝብ የምትባለውን ቃል ያን ዘመን ያልኖረ ሰው ላይገባው ይችላል። ከጥቂት ዓመት በፊት ያቺ ቃል ደረታቸው ላይ ተለጥፋ፣ ተገድለው መንገድ ዳር ተጥለው ያየኋቸው ልጆች ነበሩ። ይህ ምክንያቴ ነው፤ ይቅር የሚያሰኘኝ አይደለም።

ወጣሁና አነበብኩት። «እኔ ጓድ ይርጋለም፣ በተሳሳተ አስተሳሰብ ተመርቼ፣ ጤናማና ሥነ ሥርዓት ያለው ሕፃን አላስፈላጊ መድኃኒት እንዲወስድ በማድረግ፣ እንዲከሳና ሰላሙን እንዲያጣ አድርጌያለሁ…» ድምፄ በማይኩ አልፎ፣ በግድግዳው ተላትሞ ወደኔው ሲመለስ ሰማሁት። ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። አልተንተባተብኩም። ሰናይት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ልጇን ታቅፋ ታየኛለች። አንብቤ ስጨርስ ተጨበጨበልኝ፤ እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብኩ። በሕይወቴ እንደነዚያ መዳፎቼ የጠላሁት ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ሰናይት ደጅ አላለፍኩም። ወደ ሥራ ስሄድ በላይኛው፣ በጭቃው መንገድ እዞራለሁ። በዓሉም መጣ፣ ሄደ። መስከረም አሥር ላይ ሩቅያ ዓሊማን ለማስመዘን መጣች። ልጅቷን እያለበሰች ወሬ ታወራኛለች።

«የሰናይት ልጅ እኮ ተመለሰላት፣ አልሐምዱሊላህ! በሌሊት ሰፈሩን ያውከው የነበረ ልጅ፣ ይኸው ሰሞኑን ድምፁ ጠፋ። እትዬ ታየች ያን መድኃኒት ሽንት ቤት ጉድጓድ ጨመሩላት። አንቺ ራስሽ በማይክ ጥፋቴ ነው ካልሽ በኋላ ሰናይትም ዝም አለች።»

ሩቅያ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የምሥራች የነገረችኝ መስሏታል። ከወጣች በኋላ ከክሊኒኩ ጀርባ ሄጄ አስመለስኩ። ካሣዬን መጥላት ቀላል ነበር፤ እትዬ ታየችንም መጥላት ቀላል ነበር። ክኒኑን ጉድጓድ የጨመረው ግን የኔ አፍ ነው።

ዶክተር ቶሎሳ ዘንድ ሄጄ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኩት። የሁለት ወር ክኒን ሰጠኝ። «የሚባክነው የልጁ ቀን ነው» አለኝ።

ማታውኑ ሰናይትን ከጓሮ ጠርቼ በሹክሹክታ ለመንኳት። ስብሐት ጀርባዋ ላይ ምላሱን አውጥቶ ተኝቷል፤ ፊቱ እንደገና መነፋት ጀምሯል። «ያነበብኩት ውሸት ነው፣ ጽፈው የሰጡኝ ነው» አልኳት።

ሰናይት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«የቱን ልመንሽ?» አለችኝ። «አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት በማይክ ያልሽውን ነው ወይስ አሁን ጓሮ ተደብቀሽ የምትይውን?»

ገብታ በሩን ዘጋች።

ሌሊቱን ምን እንዳሰብኩ አላወራም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቦኖው ጋ ሄድኩ። በዚያ ሰዓት የሰፈሩ ሴት ሁሉ ባልዲና ጀሪካኑን ደርድሮ ተራ ይጠብቃል፤ እትዬ ታየችም፣ ሩቅያም፣ ስብሐትን ያዘለችው ሰናይትም አሉ። ቧንቧው የቆመበት ሲሚንቶ ላይ ወጣሁ።

«ስሙኝ!» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ይንቀጥቀጥ ብዬ ቀጠልኩ። «በግለ ሂስ ያነበብኩት ውሸት ነው። ጓድ ካሣዬ ጽፎ ሰጠኝ፣ እኔም ፈርቼ አነበብኩት። የሰናይት ልጅ ታሟል። ከተወለደ ጀምሮ ታሟል፤ አምስት ወር ስመዝነው አላየሁም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። መድኃኒቱን ካልወሰደ አይሄድም፣ አይናገርም፣ እናቱን አያውቅም። ዝም ያለው ጨዋ ሆኖ አይደለም። አንጎሉ እየሞተ ነው!»

ባልዲው ሞልቶ ውሃው እግራችን ላይ ይፈሳል፤ ቧንቧውን የሚዘጋ ጠፋ። ከዚያ እትዬ ታየች «ጉድ ነው! አበደች!» አሉ። አንዷ ባልዲዋን አንሥታ በፍጥነት ሄደች፤ ወዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ። ከሲሚንቶው ወርጄ ክኒኑን ሰናይት እጅ ላይ አስቀመጥኩት። ብብቷ ውስጥ ከተተችውና ጀሪካኗን ባዶውን ይዛ ሄደች።

ረፋዱ ላይ የካሣዬ ሰዎች መጥተው ወሰዱኝ። ሩቅ አልወሰዱኝም፤ ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ የምትጋራው የቀበሌው እስር ክፍል አስገቡኝ። ከኔ በፊት የነበሩት ሰዎች ጥግ ላይ የተዉትን ጠረን አልነግራችሁም። በሩ ላይ ቦጋለ የሚባል አብዮት ጠባቂ ይቀመጣል። ምግብ ከቤቴ ይመጣልኛል፤ ከሰው ጋር መገናኘት ግን ክልክል ነው። ቦጋለን ስለ ሰናይት ብጠይቀው «ትእዛዝ የለኝም» ይለኛል።

ሥራዬ ማዳመጥ ሆነ። ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጥፌ እውላለሁ። የሰናይት ቤት ቅርብ ነው፤ እትዬ ታየች ዶሮ ሲያባርሩ ይሰማኛል። የዓሊማን ለቅሶ ከሰማሁ አልስተውም፣ እንደ ፉጨት ቀጭን ነው። ስብሐት ግን የለም። አምስት ቀን፣ ስምንት ቀን። ስብሐት የለም። ክኒኑን ጉድጓድ ጨምራዋለች አልኩ። ቢሆንስ ማን ይፈርድባታል? የሰጠቻት ሴት አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ የምትል ሴት ናት። በአሥረኛው ቀን ማዳመጡን ትቼ ነጠላዬን ተከናንቤ ተኛሁ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ነበር። የካሣዬ ድምፅ በግድግዳው አልፎ ይመጣል፤ ስለ ንቃት ያስተምራል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተናገረ አንድ ሕፃን አለቀሰ። ተነሥቼ ተቀመጥኩ። የዓሊማ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ጎርነን ያለ ነው፤ ከዚያ ተከፈተ፣ ሰፋ፣ አዳራሹን ሞላው። ካሣዬ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ልጁም ከፍ አደረገ።

«የማነው ያ ልጅ?» አለ ካሣዬ በማይኩ። «እናትየው! ዝም አሰኚው!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ልጁ ብቻ ይጮኻል። ቦጋለ ከወንበሩ ተነሥቶ አንገቱን ወደ አዳራሹ አሰገገ። እኔ ጆሮዬን መልሼ ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ።

የሰናይት ድምፅ መጣ። ማይክ አልያዘችም፤ አላስፈለጋትምም።

«ዝም አላሰኘውም! አምስት ወር ሙሉ ዝም ብሎልሃል፤ ይበቃሃል!»